ፖስታውና ደብዳቤው

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ኢንተርኔት ሌት ተቀን በመዳፋችሁ ላይ በሚኖርበት በዚህ ዘመን ስለ ዳያል አፕ ላወራላችሁ ስነሣ፥ ስለ ደብዳቤ ተሸካሚ በቅሎ የሚተርክ ሽማግሌ ልመስላችሁ እችላለሁ። ይሁን፤ ልነግራችሁ ያሰብሁት ነገር የደረሰው በዚያ ጊዜ ነውና ከዚያው መጀመር አለብኝ።

በአገራችን ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት አንድ ቤት ወደ ኢንተርኔት የሚገባው በተራ የቴሌፎን መስመር ነበር። በኮምፒዩተሩና በቴሌፎኑ መካከል ሞደም የሚባል ትንሽ ሳጥን ይቀመጣል። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው፤ የቴሌፎን ሽቦ ደግሞ የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ሞደሙ ቁጥሩን ወደ ድምፅ፥ ድምፁንም ወደ ቁጥር እየለወጠ ለሁለቱ አስተርጓሚ ይሆናል። ሥራውን ሲጀምር እንደ ማንኛውም ሰው ቁጥር ይደውላል፤ ከወዲያ ያለው ሞደም ሲያነሣለትም ሁለቱ እየተንጫጩ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ያንን ጩኸት የሰማ ሰው አይረሳውም። መጀመሪያ እንደ ፉጨት ነው፤ ቀጥሎ ብረት በብረት እንደ መፋቅ፤ በመጨረሻም በቆርቆሮ ክዳን ላይ እንደሚወርድ ዝናብ። ከዚያ በኋላ ዝም ይላል። ዝም ሲል መስመሩ ተያዘ ማለት ነው። ከተያዘም ዘመድ ታሞ ቢደወል እንኳ ጠሪው የሚሰማው የተያዘ መስመር ድምፅ ብቻ ነው። ሒሳቡም በደቂቃ ይቆጠራል። ፍጥነቱ በወረቀት ላይ በሴኮንድ እስከ 56 ሺህ ቢት፥ ማለት 7 ሺህ ባይት ነበር፤ በእኔ ቤት ግን ከ4 ሺህ ባይት ያለፈበትን ቀን አላስታውስም።

በ1995 ዓ.ም. ቀድሞ ተማሪዬ የነበረና በኮምፒዩተር ጥገና የሚተዳደር አንድ ሰው፥ በሐራጅ የተገዛ አሮጌ ኮምፒዩተር በታክሲ ጭኖ ወደ ቤቴ መጣ። «ይህን ለቤትዎ ጌትዌይ አደርግልዎታለሁ» አለኝ። እኔም ቃሉን «በር ጠባቂ» ብዬ ተረጐምሁት፤ እስከ ዛሬም የምጠራው በዚሁ ስም ነው። በቤታችን ሁለት ኮምፒዩተሮች ነበሩ፤ አንዱ በመጻሕፍት ክፍሌ፥ ሌላው በጓሮው ክፍል። ሁለቱም በኬብል ከበር ጠባቂው ጋር ተያያዙ፤ ሞደሙ ግን የተሰካው በበር ጠባቂው ላይ ብቻ ሆነ። በር ጠባቂው ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ ሲሆን፥ ከውስጥ የመጣውን ሁሉ በራሱ አድራሻ ያስወጣል፤ መልሱ ሲመጣም ለየባለቤቱ ያድላል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ቤታችን አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ይመስል ነበር። ደግሞም ከውስጥ አንዲት መልእክት ወደ ውጭ ለመሄድ የፈለገች እንደ ሆነ፥ በር ጠባቂው ማንንም ሳይጠይቅ ራሱ ይደውላል፤ አምስት ደቂቃ ምንም ሳያልፍ ከቆየ ደግሞ ራሱ ይዘጋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን እያሳየሁ እኮራ ነበር።

በዚያን ጊዜ ከባለቤቴና ከሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆቼ ሌላ የእኅቴ ልጅ ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። እናቱ፥ ማለት ታናሽ እኅቴ፥ ቤይሩት ሄዳ በሰው ቤት ትሠራ ነበር። ልጁ 18 ዓመት ሆኖት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ዝምተኛ፥ ሰው ፊት ብዙ የማይበላ ልጅ ነበር። የሚያድረው በጓሮው ክፍል ነው። ማታ ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል በኢንተርኔት እንዲጠቀም ፈቀድሁለት። ግማሽ ሰዓት ብቻ የሆነበት ምክንያት የሒሳቡ ነገር ነው ብዬ ነገርሁት፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሒሳቡ ብቻ አልነበረም። ወጣት ካልተጠበቀ ይበላሻል የሚል እምነት ከሃያ ዓመት የመምህርነት ሥራ ይዤ ወደ ቤቴ ገብቼ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጥር 1996 ዓ.ም. ነው። ጥር 19 ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሞደሙ ሳሎን ውስጥ ሲጮኽ ሰምቼ ነቃሁ። ተነሥቼ በመስኮት ብመለከት የጓሮው ክፍል መብራት በርቷል። ምንም ሳልናገር ተመልሼ ተኛሁ። በማግሥቱ ሌሊት እንዲሁ ጮኸ፤ መብራቱም እንዲሁ በርቶ ነበር። በሦስተኛውም ሌሊት እንደዚሁ ሆነ። ቅዳሜ ጥዋት፥ በአስተርእዮ ማርያም ማግሥት፥ ቁርስ ቀርቦ ሳለ ልጁን ጠየቅሁት።

«ሌሊት ሌሊት ከማን ጋር ነው የምትነጋገረው?»

«እኔ አይደለሁም፥ ጋሼ።»

«መብራትህ በርቶ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አጠና ነበር።»

«ሞደሙም አብሮህ ያጠና ነበር?» አልሁት። ትንንሾቹ ልጆቼ ሳቁ። እሱ አንገቱን ደፋ።

ሃያ ዓመት ሙሉ «እኔ አይደለሁም» የሚል ቃል የሰማ ጆሮ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ይለያል ብዬ አምን ነበር። ኋላ እንደ ተረዳሁት ግን ጆሮው ይደነዝዛል እንጂ አይለይም። ባለቤቴ በዚያው ማዕድ ላይ፥ «ስልኩ እኮ ቀን ቀንም እንደ ተያዘ ነው፤ ትናንትና ከትናንት ወዲያ እናቴ ዘንድ መደወል አቅቶኝ ዋለ» አለች። ይህን ቃል ሰማሁት፤ ነገር ግን አላዳመጥሁትም። ቀን ልጁ ትምህርት ቤት እንደሚውል ለማሰብ የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን የሒሳብ መምህር ሆኜ አላሰብሁትም። ልጁን በእጅ ከፍንጅ ለመያዝ ቆርጬ ነበርና።

በር ጠባቂውን የተከለልኝ ሰው ቲሲፒደምፕ የሚባል መሣሪያ አሳይቶኝ ነበር። ይህን መሣሪያ በ1980 ዓ.ም. ገደማ በካሊፎርኒያ በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩ ቫን ጃኮብሰን፥ ክሬግ ሌረስና ስቲቨን ማካን የተባሉ ሰዎች የጻፉት ነው። ሥራው በመረቡ ላይ የሚያልፈውን እሽግ ሁሉ በር ላይ ቆሞ መመልከትና ስለ እያንዳንዱ አንድ መስመር መጻፍ ነው። በኢንተርኔት የሚላክ ነገር፥ ደብዳቤም ይሁን ሥዕል፥ እንዳለ በአንድ ጊዜ አይሄድም፤ እያንዳንዱ ከ1,500 ባይት በማይበልጥ እሽግ እየተቆራረጠ ይጓዛል። እሽጉም ሁለት ነገር አለው። አንደኛው ከላዩ የተጻፈው ነው፤ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ፥ ለምን አገልግሎት እንደ ሆነና ስንተኛው ቁራጭ እንደ ሆነ ይናገራል። ሁለተኛው በውስጡ የታሸገው ቃል ነው። የፊተኛው ፖስታ፥ የኋለኛው ደብዳቤ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ፖስታው ትንሽ ነገር ነው። በእኔ ቤት ኬብል ላይ 14 ባይት ለካርዱ፥ 20 ባይት ለአድራሻው፥ ሌላ 20 ባይት ለቅደም ተከተሉ፥ በድምሩ 54 ባይት ያህል ነበር። መሣሪያው በዚያ ዘመን ካልታዘዘ በቀር ከየእሽጉ የሚወስደው የመጀመሪያዎቹን 68 ባይት ብቻ ነው፤ ይኸውም ፖስታውንና ከደብዳቤው ጫፍ ጥቂት ፊደል። ሠሪዎቹ እንዲህ ያደረጉት ለጨዋነት ብለው አይመስለኝም፤ ማሽኑ ሥራ እንዳይበዛበት ነው። የሆነ ሆኖ ከፖስታው አልፎ ደብዳቤውን ለማየት የፈለገ ሰው በትእዛዙ ላይ ተጨማሪ ፊደልና ቁጥር መጻፍ ነበረበት። በስሕተት የሚደረግ ነገር አልነበረም።

ፖስታው ብቻውን ምን ያህል እንደሚናገር ያላየ ሰው አያምንም። በላዩ የአገልግሎት ቁጥር አለ፤ 80 ከሆነ ድረ ገጽ መመልከት ነው፤ 25 ከሆነ ኢሜይል ወደ ውጭ መላክ ነው፤ 53 ከሆነ የአንድን ስም አድራሻ መጠየቅ ነው። ሰዓቱ እስከ ሴኮንድ ሽራፊ ድረስ ይጻፋል። የእሽጉ ልክ ይጻፋል። በእኔ ሞደም ፍጥነት አንድ ሙሉ እሽግ ለማለፍ ከሴኮንድ ሲሶ የበለጠ ጊዜ ይወስድ ስለ ነበር፥ በጠባብ በረት በር አንድ አንድ እያሉ እንደሚያልፉ ፍየሎች መስመሮቹን በዓይን መቁጠር ይቻል ነበር። ዛሬ ባለው ፍጥነት ይህን ማድረግ የሚችል የሰው ዓይን የለም።

የቤታችን ኮምፒዩተሮች በአድራሻቸው መጨረሻ ቁጥር ይታወቁ ነበር፤ በር ጠባቂው 1፥ የእኔ 2፥ የልጁ 3 ነው። ቅዳሜ ማታ በ1 ሰዓት ልጁ ወደ ክፍሉ ሲገባ እኔ በር ጠባቂው ፊት ተቀመጥሁ። የሌላው አያስፈልገኝም ብዬ መሣሪያው ቁጥር 3ን ብቻ አጥልሎ እንዲያሳየኝ አዘዝሁት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። መስመሮቹ መታየት ጀመሩ። ልጁ ወዲያ ወዲህ አላለም፤ የደብዳቤ ሳጥኑ ወዳለበት ወደ አንድ ድረ ገጽ ብቻ ሄደ። ጥቂት እሽግ ገባ፤ ከዚያ ለብዙ ደቂቃ ዝም አለ፤ እየጻፈ ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ከፖስታው ብቻ ዐወቅሁ። ጥርጣሬዬ ስለ ሌሊት ነበር፤ ሌሊቱ ገና አልመጣም፤ ስለዚህ ተነሥቼ እራቴን መብላት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን እጄ ያንን ፊደልና ቁጥር ጨመረ። እጄ ጨመረ ማለቴ ራስን ማድበስበስ ነው፤ እኔ ጨመርሁ።

በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የደብዳቤ አገልግሎቶች የመግቢያውን የምሥጢር ቃል ብቻ ሸፍነው ደብዳቤውን ራሱን ግን እንዳለ ያሳልፉት ነበር። በኢንተርኔት በራሳችን ፊደል መጻፍ ገና አስቸጋሪ ስለ ነበር ሰው ሁሉ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፍ ነበር። ልጁ ላክ የሚለውን በተጫነ ጊዜ ደብዳቤው በመስኮቱ ቀኝ ዳር በየመስመሩ 16 ፊደል እየሆነ ወረደ። በቃልና በቃል መካከል ባዶ ቦታ በመተው ፈንታ የመደመር ምልክት ነበረበት። «ውድ» ሲደመር «እናቴ» ሲደመር «እንደምን» እያለ ይቀጥላል። ዕድሜዬን በሙሉ መደመር አስተምሬአለሁ፤ ቃላት ሲደመሩ ያየሁት ግን ያን ማታ ነው።

ስለ እኔ የተጻፈውን ለመናገር መብት ያለኝ ይመስለኛል። ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም ይላል፤ ሲያየኝ ግን ሌባ የያዘ ይመስለዋል። ዛሬ በልጆቹ ፊት ሳቀብኝ። መብራቴን ስለሚቆጥር ከዛሬ ጀምሮ አጥፍቼ በሻማ አጠናለሁ። ከጓደኛዬ ጋር ክፍል ለመከራየት ብትፈቅጂልኝ የፈተናውን ጊዜ እዚያ ላሳልፍ። ከዚያ በኋላ ደግሞ እናትና ልጅ የሚነጋገሩት ነገር ነበረበት። እስከ መጨረሻው አነበብሁት።

እኔ ያደግሁት በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሆኜ ነው። ያወቅሁትን ጥቂት ዕውቀት፥ የሰዓት አክባሪነትን፥ ጫማን ማታ ጠርጎ ማደርን ሳይቀር ያገኘሁት ከዚያ ነውና ውለታው በእኔ ላይ ብዙ ነው። አንድ ደንብ ግን ነበር፤ ለአዳሪዎች ከቤት የሚመጣ ደብዳቤ አስቀድሞ በአዳሪዎች ኀላፊ እጅ ይከፈትና ይነበባል። በ1964 ዓ.ም. ከአባቴ አንድ ደብዳቤ መጣልኝ። አባቴ መጻፍ ስለማይችል በሰው እጅ ያስጻፈው ነው። ከሁለቱ የእርሻ በሬዎች አንዱን ሸጦ የትምህርቴን ገንዘብ እንደ ላከ፥ ይህንንም ለማንም እንዳልናገር ይላል። ደብዳቤው እጄ በገባ በማግሥቱ፥ በጥዋት ሰልፍ ላይ ኀላፊው ስለ ወላጅ ፍቅር ሊመክሩን ተነሡ። ከመካከላችን የአንዱ አባት በሬውን ሸጦ ልጁን እንደሚያስተምር ተናገሩ። ስሜን አልጠሩም፤ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር። ደግ ሰው ነበሩ፤ የተናገሩትም ለበጎ ብለው እንደ ሆነ አልጠራጠርም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክመረቅ ድረስ በትምህርት ቤቱ ስሜ «በሬው» ሆነ። አባቴ ቀሪውን በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ ሲያርስ እኔ ደግሞ በዚያ ስም ስጠራ ኖርሁ። የሰው ደብዳቤ አላነብም ብዬ ለራሴ የማልሁት በዚያን ጊዜ፥ በ12 ዓመቴ ነው። መሐላዬን 32 ዓመት ጠበቅሁት፤ ያፈረስሁትም በአንድ ፊደልና በአንድ ቁጥር ነው።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ጋቢዬን ደርቤ በር ጠባቂው አጠገብ ተቀመጥሁ። የጓሮው ክፍል መብራት ጠፍቷል፤ በመስኮቱ ስንጥቅ የሻማ ጭላንጭል ይታያል። እሱም ከ6 ሰዓት በኋላ ጠፋ። 8 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀር ሞደሙ ጮኸ። ያዝሁት ብዬ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብል፥ መስኮቱ ባዶ ነው። የሞደሙ መብራቶች ያለ ዕረፍት ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ሥራ ላይ ነው፤ የቁጥር 3 መስመር ግን አንድም የለም። ባዶውን መስኮት እያየሁ ምን ያህል እንደ ቆየሁ አላውቅም። ከዚያም ማጥለያው ትዝ አለኝ። ስለ አንድ ሰው ብቻ ንገረኝ ብዬ አዝዤው መሣሪያው ስለ ሌላው እንዴት ይንገረኝ? ማጥለያውን አነሣሁ።

መስመሮቹ እንደ ተቀደደ የጤፍ ጆንያ ፈሰሱ። ሁሉም ከአንድ ኮምፒዩተር የመጡ ናቸው፤ የተላኩበት ግን አሥር፥ ሃያ፥ ሠላሳ የማላውቃቸው አድራሻዎች ነበሩ። የአገልግሎቱ ቁጥር 25 ነው፤ ኢሜይል መላክ። ላኪው ቁጥር 2 ነው። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አላመንሁም፤ የእጅ ባትሪ ይዤ ኬብሉን ከማከፋፈያው ሳጥን ጀምሬ በእጄ እየዳሰስሁ ተከተልሁት፤ በኮሪዶሩ አልፎ ወደ መጻሕፍት ክፍሌ ገባ። ኮምፒዩተሬ በጨለማ ውስጥ ብቻውን በርቶ ነበር። ማጥፋትና ማብራት ይጎዳዋል ብሎ አንድ ሰው የነገረኝን አምኜ ሌሊት ሌሊት አላጠፋውም ነበርና። የልጁን መብራት ስቆጥር የራሴን አልቆጠርሁትም።

ነገሩ ኋላ ተጣርቶ ሲታወቅ እንዲህ ነበር። ጥር 17 ቀን 1996 ዓ.ም.፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጃንዋሪ 26 ቀን 2004፥ ማይዱም የተባለ የኮምፒዩተር ትል በዓለም ታየ። በጥቂት ቀናት ውስጥ እጅግ ብዙ ኮምፒዩተሮችን ያዘ፤ በዚያን ጊዜ ኢሜይልን በሙሉ ያስጨነቀ ነገር ነው። ትሉ 22 ሺህ ባይት የማይሞላ... ይቅርታ፥ በትክክል 22,528 ባይት ነው፤ በእኔ ሞደም እንኳ በጥቂት ሴኮንዶች የሚያልፍ ነገር። የሚመጣው የላክኸው ደብዳቤ ሳይደርስ ተመልሷል የሚል ማስታወቂያ መስሎ፥ ከኋላው የታሰረ ፋይል ይዞ ነው። ፋይሉን የከፈተ ሰው በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ይተክለዋል። ትሉም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ባሉ ጽሑፎች ሁሉ እየገባ የሰው ኢሜይል አድራሻ ይለቅማል፤ ለለቀማቸውም ሁሉ በሌላ ሰው ስም ሆኖ ራሱን ይልካል። የካቲት 4 ቀን መስፋፋቱን እንዲያቆም ሠሪው አስቀድሞ ወስኖለት ነበር፤ ሠሪው ማን እንደ ሆነ ግን በፍርድ አልተረጋገጠም።

እኔ የከፈትሁት ማክሰኞ ጥር 18 ቀን ነው። በደንብ አስታውሳለሁ። ላኪውን አላውቀውም፤ እንደ ተመለሰ የተነገረኝን ደብዳቤም ልኬ አላውቅም። የእኔ አለመሆኑን እያወቅሁ ውስጡን ለማየት ከፈትሁት።

ኬብሉን ነቀልሁት። ሞደሙ አምስት ደቂቃ ጠብቆ ዘጋ። ቤቱ ጸጥ አለ።

እሑድ ምሳ ላይ፥ በቅዳሜው ማዕድ ተቀምጠው በነበሩት ሁሉ ፊት፥ ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። ትሉ የመጣው በእኔ በኩል መሆኑን፥ የደወለውም የእኔ ኮምፒዩተር መሆኑን ነገርሁት። ሳቀ። ወደ እኛ ቤት ከመጣ ጀምሮ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም ነበር። ባለቤቴም፥ «ቀን ቀን ይያዛል አላልሁህም?» ብላ ድርሻዋን ሰጠችኝ። ይቅርታው ቀላል ነበር፤ ጥፋቱ በማሽን ነበረና። ከዚያ በኋላ ልጁ ውሃውን እየጠጣ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ።

«ጋሼ፥ በር ጠባቂው የሚያልፈውን ሁሉ ያሳያል እንዴ?»

«ቁጥሩን ብቻ ነው» አልሁት።

እንግዲህ ይህን የምትፈልጉትን ስም ስጡት። በዚያ ቤት ሌሊት ሌሊት ሐሰት የሚናገር ሰው ፈልጌ ነበር፤ እሑድ ቀን በ7 ሰዓት አገኘሁት።

ልጁ ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ነገር ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በግማሽ ሰዓቱ አልተጠቀመም። ምክንያቱን ስጠይቀው ፈተና ደርሷል አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጥዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል፥ «ጋሼ፥ በፖስታ ቤት በኩል የሚያልፉ ከሆነ» ብሎ አንድ ፖስታ ሰጠኝ። አድራሻው የቤይሩት ነው። ክዳኑ በሙጫ ተጣብቋል፤ በሙጫው ላይ ደግሞ የማሸጊያ ፕላስተር ከዳር እስከ ዳር ተለጥፎበታል። ተቀብዬው ሄድሁ፤ ቴምብሩን ገዛሁ፤ ሳጥን ውስጥ ከተትሁት። እስከ ሰኔ ድረስ እንዲህ ያለ ፖስታ ስድስት ጊዜ ወስጄለታለሁ። ሁሉም ፕላስተር ነበረባቸው።

ዛሬ ሥራው በሌላ መንገድ ይሠራል። አብዛኞቹ ድረ ገጾችና የመልእክት አገልግሎቶች ደብዳቤውን ከላኪው እስከ ተቀባዩ በምሥጢር ጽሕፈት ስለሚያሽጉት፥ በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዋይፋይ ሳጥን እኔ ያን ማታ ያነበብሁትን ዓይነት ቃል ሊያነብ አይችልም። ፖስታውን ግን አሁንም ያያል፤ ወዴት እንደ ተሄደ፥ በስንት ሰዓት፥ ምን ያህል እንደ ወጣና እንደ ገባ። ከእናንተ መካከል የቤታችሁን ወይም የመሥሪያ ቤታችሁን በር እንድትጠብቁ የሚሰጣችሁ ሰዎች ትኖራላችሁ። በሽታ የያዘውን ኮምፒዩተር ለመለየት፥ መስመር የሚያጨናንቀውን ለማወቅ፥ ሒሳቡ ለምን እንደ ጨመረ ለማስረዳት ፖስታው ይበቃል፤ የእኔን ትል የያዝሁት በፖስታ ነው፤ ከደብዳቤው ያገኘሁት ረድኤት አንዳች የለም። ዛሬ ደግሞ በልጆቻቸው ስልክ ውስጥ የሚቀመጥና ደብዳቤው ሳይታሸግ የሚያነብ ፕሮግራም የሚገዙ ወላጆች አሉ። ትንሽ ልጅ ያለበት ሰው የሚፈራውን እኔም እፈራለሁና ሁሉንም በአንድ ቃል አልፈርድባቸውም። ብቻ ለልጁ ይንገሩት እላለሁ፤ እኔ ያልነገርሁት የ18 ዓመት ሰው ነበር።

የእኅቴ ልጅ ፈተናውን አልፎ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ስለ ደብዳቤው በቃሌ ልነግረው ብዙ ጊዜ አስቤ በየበዓሉ ሲመጣ ሌላ ሌላ ወሬ እያነሣሁ አሳልፌአለሁ። በመጨረሻ ይህን ጽሑፍ ጻፍሁና ከማሳተሜ በፊት አንብበው ብዬ ላክሁለት። ሦስት ቀን ዝም አለ። በአራተኛው ቀን ደወለ። ስለ ሞደሙና ስለ ትሉ የጻፉት ትክክል ነው አለኝ፤ ሻማው ግን ሻማ አልነበረም፤ ኩራዝ ነበር አለ። ልብ ብዬ ብመረምረው እውነቱን ነው፤ ሻማ የሚለው ከደብዳቤው የቀረልኝ ቃል ነው። ለእናቱ ኩራዝ ብሎ መጻፍ ስላፈረ ሻማ ብሎ ጽፎ ነበር።

ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ። እኔ በመጀመሪያው ጽሑፌ ከደብዳቤው በቃሌ የያዝሁትን፥ ስለ እናቱ የሚናገረውን ሰባት መስመር ገልብጬ ነበር። የእናትና የልጅ ፍቅር እንዴት እንደ ሆነ ለወጣቶች ትምህርት ይሆናል ብዬ ነው።

«ጋሼ፥ እነዚያን ሰባት መስመሮች ያውጡልኝ» አለኝ።

አወጣኋቸው።